አንድ አዝመራ ሳይሰበስቡ "ተመለሱ" አይባል
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ በተለይም ከሰሜን ሸዋ ለተመረጣችሁ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። መምህርት ነኝ። የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም። የተፈናቃዮች ጉዳይ በምክር ቤቱ ሲነሳ ግን ሥራዬን ትቼ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ። ሪፖርቱን እሰማለሁ። የምትጠይቁትን እሰማለሁ። ይህን ያህል ሺህ ተፈናቃይ ወደ ቀዬው ተመለሰ ሲባል ቁጥሩን ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ባቄሎ ወይም ቻይና ካምፕ ወደሚባሉት የከተማችን የተፈናቃይ መጠለያዎች ስሄድ፣ "ተመለሱ" ከተባሉት ሰዎች አንዳንዶቹን እዚያው ድንኳናቸው ውስጥ አገኛቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ "ጋሼ" ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ "እታለም" ይሉኛል፣ እንደ ወሎዬ። ተወልደው ያደጉት ወሎ ነው፤ ትዳር የያዙት፣ ልጅ የወለዱት፣ ቡና የተከሉት ግን ወለጋ ነው። ደብረ ብርሃን የመጡት ነፍሳቸውን ይዘው ነው። በ2016 ዓ.ም ከዚህ ከተማ ተፈናቃዮችን ወደ ወለጋ መመለስ ሲጀመር እሳቸውም ተመዘገቡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ፈልገው ነው የተመዘገቡት። ይህን የምለው በዚያ ጊዜ ደስ ብሏቸው የሄዱ ሰዎች ስለነበሩ ነው፤ እውነቱ ይነገር። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ጄሪካን ጭነው ከባለቤታቸው ጋር ሄዱ። እኔም ቆሜ ሸኘኋቸው። አለቀስኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ ያወረዳቸው የወረዳው ከተማ ላይ ነው። ቀበሌያቸው ከዚያ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ ለጊዜው ስለማያስተማምን ጠብቁ ተባሉ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ጋር ጠበቁ። ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ የድሮ ጎረቤታቸው መምጣታቸውን ሰምቶ ከገጠር መጣ። ኦሮሞ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አብረው ደቦ የወጡ፣ ሐዘንና ደስታ የተካፈሉ ሰዎች ናቸው። በሸሹባት በዚያች ሌሊት ጋሼንና ባለቤታቸውን ጎተራው ሥር ደብቆ ያተረፋቸውም እሱ ነው። ሲመጣ በፌስታል ጀንፈል ይዞ መጣ። ሁለት ኪሎ አይሞላም። "ይሄ ከራስህ ዛፍ ነው" አላቸው። "ጣራው ተነቅሏል። ማሳህን ሌላ ሰው አርሶታል። ላስጥልልህ አልቻልኩም።"

ተያይዘው አለቀሱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሊት ተኩስ ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ተበተነ። ጋሼና ባለቤታቸው፣ ልጃቸው በቴሌብር በላከላቸው ብር ተሳፍረው ደብረ ብርሃን ተመለሱ። ፍራሹ እዚያው ቀረ። ጀንፈሉን ግን ይዘውት መጡ።

የመጡ ሰሞን ላያቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ጀንፈሉን ሙቀጫ ውስጥ ከተው ቀስ አድርገው ይወቅጣሉ። ገለባውን አበጠሩ። ፍሬውን ብረት ምጣድ ላይ አድርገው ቆሉት። ከሥሩ የሚነደው ኩበት ነው። ወለጋ እያሉ ኩበት ጠፍጥፈው አያውቁም፤ እንጨት ሞልቶ። እዚህ ነው የለመዱት፣ ከእኛ ሴቶች አይተው። ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ የቡናው ሽታ ድንኳኑን ሲሞላው ጋሼ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ስኒውን ተቀብለው ብዙ ቆዩ፣ ሳይጠጡ። "ወላሂ እታለም" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ሄጄ ነበር። ግን አልገባሁም።"

የተከበራችሁ አባላት፣ ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው። ሄደዋል። አልገቡም። ስማቸው ግን ከተመላሾች ዝርዝር ላይ ሰፍሯል። እዚህ ደግሞ "ተመልሰዋል" ተብለው ከዕርዳታው መዝገብ ተሰርዘዋል። እዚያ የሉም፣ እዚህ የሉም። ሁለት ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው በሁለት መዝገብ መሐል ጠፍተዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከአውቶቡስ የወረደን ሰው "ተመለሰ" ብላችሁ አትቀበሉ። ገበሬ ተመለሰ የሚባለው በራሱ ማሳ ላይ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አንድ አዝመራ ሲሰበስብ ነው። ሪፖርት ይዞ ለሚቀርበው ባለሥልጣን ሁሉ ይህን ጥያቄ አንሱለት። አምና ከመለሳችኋቸው ሰዎች ስንቱ ዘንድሮ አጨደ? ስንቱስ እንደገና ተፈናቀለ? ይህ ቁጥር የሌለው ሪፖርት የጉዞ ሪፖርት ነው።

በክርክራችሁ ውስጥ "ማስፈር"፣ "መልሶ ማስፈር" የሚሉ ቃላት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እነዚህ ቃላት ለእነ ጋሼ ተራ ቃላት አይደሉም። ወለጋ የገቡት በሰፈራ ነዋ!

በ1977 ዓ.ም ድርቁ ወሎን ሲፈጀው መንግሥት ሕዝቡን እየጫነ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወሰደ። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋም። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተጓጓዘ። ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል። ትልቁ ድርሻ ግን የደረሰው ወለጋ ነው። ጋሼ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቆላውን የማያውቅ ደገኛ ወባ ጨረሰው። በሬውን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ገደለው። ቤተሰብ ተበታተነ፤ አባት አንዱ ጣቢያ፣ ልጅ ሌላው ጣቢያ። ለሰፋሪው የሚሰጠውን መሬት ነባሩ ነዋሪ መሬቴ ነው ይል እንደነበር የጠየቀ የለም። ዛሬ የምናጭደው ቂም ከፊሉ ያኔ የተዘራ ነው። ነባሩ ገበሬ ሳይጠየቅ መሬቱ ተሰጠ። ሰፋሪው ሳይጠየቅ ተጫነ። ሁለቱም ድሆች ናቸው። ሁለቱም አልወሰኑም።

ኢሕአዴግም በ1995 ዓ.ም ሌላ የሰፈራ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። በሦስት ዓመት 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለማስፈር የታቀደ፣ በየክልሉ ውስጥ የሚካሄድ። አፈጻጸሙ ብዙ እንከን ነበረበት። ወረቀቱ ላይ የነበረች አንዲት ነገር ግን ትዝ ትለኛለች። ሰፋሪው ፈቃደኛ መሆን አለበት፤ አልስማማ ካለው እንዲመለስ፣ የመጣበት መሬቱ ለሦስት ዓመት ይጠበቅለታል የምትል። እስቲ አስቡት። ወዶ ለሄደ ሰው መሬቱ ይጠበቅለት ነበር። ነፍሱን ለማትረፍ ሌሊት የሮጠ ሰው መሬቱን ማን ጠበቀለት?

የጋሼ የይዞታ ደብተር አሁንም አለ። አይቼዋለሁ። ዝናብ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ትራሳቸው ሥር ነው የሚያድረው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ስማቸው፣ የባለቤታቸው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ የአዋሳኞቹ ስም ይነበባል። በስተምሥራቅ የሚያዋስናቸው ያ ጀንፈል ያመጣላቸው ጎረቤታቸው ነው። ይህን ደብተር የሰጣቸው መንግሥት ነው። ሕጉ ይከበር ካልን ያ ደብተር ዛሬም ይሠራል ማለት ነው። የመሬት አጠቃቀም ሕግ የማውጣት ሥልጣን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ለእናንተ የተሰጠ ነው። የተፈናቀለ ሰው መሬት፣ ባለቤቱ እስኪመለስ ወይም በፈቃዱ ካሳ ወስዶ እስኪለቅ፣ ለሌላ እንዳይሰጥ በማያሻማ ቃል ደንግጉ። ይህ ድንበር የለው፣ ብሔር የለው። ከአማራ ክልል የተፈናቀለ ኦሮሞም፣ ከሶማሌ የተፈናቀለ ኦሮሞም፣ ከቤንሻንጉል የተፈናቀለ ጉሙዝም ሺናሻም እኩል ይጠበቅለታል።

ሕግ የለም አልልም። ሕግማ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው አካባቢ የመዘዋወርና የመኖር መብት አለው ይላል። የካምፓላ ስምምነት የሚባለው፣ የአፍሪካ አገሮች ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች በ2002 ዓ.ም ካምፓላ ላይ የተስማሙበት፣ በዚሁ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ጸድቋል። ስምምነቱ ለተፈናቃዩ ሦስት በር ይከፍትለታል። ወደ ቀዬው መመለስ። ባለበት ተቀላቅሎ መኖር። ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ መስፈር። ምርጫውም የተፈናቃዩ ነው፤ ያውም በቂ መረጃ አግኝቶ፣ በነጻ ፈቃዱ። እናንተ ስትከራከሩ ግን የምሰማው አንደኛውን በር ብቻ ነው። መመለስ፣ መመለስ፣ መመለስ። ለምን? መመለስ ለብዙዎቹ የልብ ምኞት ስለሆነ ነው ብላችሁ እንደሆነ እስማማለሁ። ካምፕ ተዘጋ ለማለት ስለሚመች ከሆነ ግን ይህ ተፈናቃዩን አይመለከትም።

ነጻ ፈቃድ የሚለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ።

በሰኔ 2015 ዓ.ም የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ስንዴው ለማይገባው ሰው እየሄደ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። ለወራት። በ2017 ደግሞ የአሜሪካው ድርጅት ራሱ ተዘጋ። ያን ጊዜ እዚህ የነበረውን ያየ ያውቀዋል። እናቶች በየቤቱ እየዞሩ ልብስ ልጠብ ይሉ ነበር። ልጆች የፋብሪካ በር ላይ ያድራሉ፣ የቀን ሥራ ለማግኘት። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ዴስክ ላይ ይደፋሉ። እንቅልፍ መስሎኝ የተቆጣኋት አንዲት ልጅ ነበረች። እንቅልፍ አልነበረም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልበላችም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፊት ፎርም አቅርባችሁ "መመለስ ትፈልጋለህ?" ብትሉት ምን ይላል? አዎ ይላል። ይፈርማል። ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ይህ ፈቃድ ነው? የተራበ ሰው ፈቃድ የሚለካው ጠግቦ ሲጠየቅ ነው። ይህን በአገራችን አንድ ጊዜ አይተነዋል። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ2011 መንግሥት በጥድፊያ መለሳቸው። በመጠለያዎች ዕርዳታው ሲቀር ብዙዎች ሳይፈልጉ ሄዱ። ከሄዱት ውስጥ የተቃጠለ ቤት ጠብቋቸው፣ ወይም ፈርተው፣ በሌላ ቦታ እንደገና ተፈናቃይ የሆኑ ነበሩ። ካምፖቹ ግን ተዘግተዋል ተብሎ ነበር።

ስለዚህ የመመለስ ፎርም ከመሙላቱ በፊት ራሽኑ ይድረስ። ፎርሙ ላይ "አልመለስም" ያለ ሰው ራሽኑ አይቀነስ። እንዲህ ቀላል ነው።

ደግሞ ሳይላኩ በፊት ከመካከላቸው የተመረጡ ሰዎች ሄደው ይዩ። ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ሴትም ትሂድ፣ ወጣትም ይሂድ። ማሳቸውን በዓይናቸው አይተው፣ ጎረቤታቸውን አናግረው፣ ገበያው ምን እንደሚመስል ሰምተው ተመልሰው ለሌላው ይናገሩ። ሰው የሚያምነው የራሱን ሰው ነው። ባለሥልጣን መጥቶ "ሰላም ነው" ሲል ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ከሄደ በኋላ ግን ስልክ ተደውሎ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። እውነተኛውን የጸጥታ ሪፖርት የያዘው ያ ስልክ ነው። ጎረቤቱ "ና" ካለ ሰው ይሄዳል። "ትንሽ ቆይ" ካለ አይሄድም። እነዚህን ጎረቤቶች ማንም ባለሥልጣን አንድ ቀን ጠርቶ አመሰግናለሁ ብሏቸው ያውቃል? መመለስ የሚቻል ከሆነ የሚቻለው በእነሱ ነው። ሰው ደብቀው ያተረፉ፣ ለዚያም የተዛተባቸው ሰዎች ናቸው። ለተመላሹ ቆርቆሮ ሲሰጥ ለእነሱም ይሰጥ። ትምህርት ቤቱ ሲታደስ ለሁሉም ልጅ ይታደስ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ያግኝ። አለበለዚያ ተመላሹ ብቻውን ተረድቶ ቅናት ይዘራበታል።

የመመለስን ነገር እኛ ሰሜን ሸዋዎች ከራሳችንም እናውቀዋለን። አጣዬን አስታውሱ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም ከተማዋ ነደደች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲመጣ ሕዝቡ እንደገና ሸሸ። በጥር 2015 ደግሞ ሌላ ዙር። የአጣዬ ሰው ሦስት ጊዜ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ጀመረ። በጎረቤታችን የኦሮሞ ወረዳ፣ በጅሌ ጥሙጋም ቤት ነዷል፣ ገበሬ ተገድሏል፤ የእነሱንም እንባ ልቆጥርላቸው ይገባል። በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ነገር አየሁ። ቤት የተሠራለት ሁሉ አልተመለሰም። ሰው የተመለሰው ገበያው ሲመለስ ነው። የአርጎባው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው ነጋዴ አንድ ገበያ ላይ እቃውን ሲዘረጋ። ፍየል ይዞ የመጣ ሰው ሽጦ፣ ማሽላ ገዝቶ፣ ሳይፈራ ወደ ቤቱ ሲገባ። ገበያው ሲከፈት ነው "አሁንስ ደህና ነው" የተባለው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ስለ ገበያውም ጠይቁ። ገበያው ቆሟል ወይስ አልቆመም? ተመላሹ ገበያ ወጥቶ ይገባል?

አሁን ስለ ሁለተኛው በር። ስለ መቀላቀል።

ከተፈናቃዮቹ ውስጥ መቼም ወደ ወለጋ የማይመለሱ አሉ። ባለቤቷና ልጆቿ ሰኔ 11 ቀን 2014 ቶሌ ላይ የሞቱባትን ሴት "ተመለሺ" ማለት አልችልም። እናንተም አትችሉም። በዚያ ቀን እዚያ፣ ምዕራብ ወለጋ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል። እዚህ ትኑር። ግን እንዴት ትኑር?

አንድ ጽሕፈት ቤት አብሬያት ሄጄ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት። የተሰጣት መልስ "መሸኛ አምጪ" ነው። መሸኛ! ከነበረችበት ቀበሌ በክብር የተሸኘችበት ማኅተም ያለው ደብዳቤ። ሌሊት በባዶ እግሯ ጫካ ገብታ፣ አሥራ አንድ ቀን ተጉዛ የወጣች ሴት ናት። ማን ይሸኛት? በር ላይ ቆማ ዝም አለች። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ "ልጆቼ እዚያ ነው የተቀበሩት፣ እሱ አይበቃም?" አለች። ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት፤ አቀርቅራ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች። በእሷ አልፈርድም። መመሪያው እንዲህ ይላል፣ እሷ መመሪያውን ትፈጽማለች። መመሪያው እንዲቀየር መጠየቅ የምትችሉት ግን እናንተ ናችሁ። መታወቂያ ከሌለ ቤት አይከራዩም፣ የባንክ ደብተር አይከፍቱም፣ ሲም ካርድ በስማቸው አያወጡም፣ ፋብሪካ አይቀጠሩም። ባለበት መቀላቀል ማለት በወረቀት ደረጃ ይህ ነው። አንድ መታወቂያ።

ልጆቹም እንዲሁ ናቸው። ካርዱ የተቃጠለበትን ተማሪ ስንተኛ ክፍል ላስገባው? የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቱ የቀረበትን ልጅ ዘጠነኛ ላስቀምጠው ወይስ ወደ ሰባተኛ ልመልሰው? እኛ መምህራን ፈተና አውጥተን፣ አንብበው ጽፈው አይተን እናስገባቸዋለን። ይህን የምናደርገው በራሳችን ውሳኔ ነው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ የምናሳየው ወረቀት የለንም። ሕጋዊ አድርጉልን።

እንግዳ ተቀባዩም ከብዶታል፣ አልደብቃችሁም። ደብረ ብርሃን የቤት ኪራይ ሰማይ ወጥቷል። የቀን ሠራተኛው ዋጋዬን አወረዱብኝ ይላል። ክፍሌ ውስጥ ያለው ተማሪ እጥፍ ሆኗል፤ ዴስኩ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ሲመጡ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እንጀራ በመሶብ እያስያዘ ነበር የሚልከው። እዚህ ያለው ብርድ ሰው ይገድላል፤ ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ከቆላ የመጡ ሰዎች በነጠላ ሲንቀጠቀጡ ያላየ፣ ጋቢውን አውልቆ ያልሰጠ የሰፈሬ ሰው የለም። ግን ጋቢ አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ዓመታት ሲያልፉ የሕዝብ ደግነት ብቻውን አይችለውም። አሁን ደግሞ ከሐምሌ 2015 ወዲህ ክልሉ ራሱ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ እህል አይገባም። ተቀባዩም ተፈናቃዩም አንድ ላይ ነው የሚርበው። ስለዚህ ለተቀባይ ከተሞች የሚመደበው በጀት ተፈናቃዮቹን ቆጥሮ ይመደብ። ውኃው፣ ክፍሉ፣ ጤና ጣቢያው የሚያገለግለው ሕዝብ በሙሉ ይቆጠር።

ሦስተኛው በር፣ ሌላ ቦታ ወስዶ ማስፈር፣ ስለ እሱ ብዙ አልልም። ከላይ ብያለሁ። ማድረግ ካለባችሁ ነባሩን ሕዝብ ሳትጠይቁ አታድርጉት። የ1977ን ስህተት በሌላ ስም እንዳንደግመው እፈራለሁ።

የተከበራችሁ አባላት፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተገዥነታችሁ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናችሁ ነው ይላል። ከእነዚህ ሦስቱ ውስጥ የፓርቲ ስም የለም። አንቀጽ 55 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌላውንም የፌዴራል ባለሥልጣን ጠርታችሁ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። አንድ ክልል ሰብአዊ መብት ሲጣስ ማስቆም ካልቻለ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ በራሳችሁ አነሳሽነት ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር ስብሰባ እንዲጠራ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ በእጃችሁ ነው። ከእጃችሁ ያለውን ነው የምጠይቃችሁ። እንዲያውም ከሁሉ በፊት፣ የምትከራከሩበት ቀን ሳይደርስ ቋሚ ኮሚቴው ይምጣና ይይ። ሰልፍ አይደረግላችሁ፣ ባነር አይሰቀል። ድንኳኑ ውስጥ ገብታችሁ ተቀመጡ። ቡና ይፈላላችኋል። ተፈናቃዮችንም አዲስ አበባ አስመጥታችሁ በአካል አዳምጡ። ስለ እነሱ ሲወራ እነሱ ሳይኖሩ ስንት ጊዜ ተወራ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልፈጽም።

ያለፈው ቅዳሜ ጋሼን ባቄሎ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከአንድ የአካባቢው ገበሬ ጋር ቆመው መሬት እያዩ ነበር። ገበሬው ጥማድ መሬት ለእኩል ሊሰጣቸው ነው። በሬው የገበሬው፣ ጉልበቱ የጋሼ። የሚዘራው ገብስ ነው። ጋሼ በዕድሜያቸው በቆሎ፣ ማሽላ፣ ቡና እንጂ ከልጅነታቸው ወዲህ ገብስ አልነኩም። አፈሩን በእጃቸው ዘግነው አዩት፣ አሸተቱት፣ መልሰው በተኑት። "ስንት ጊዜ ነው የሚታረሰው?" ብለው ጠየቁት ገበሬውን። እሱም እጁን እየዘረጋ አስረዳቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እታለም፣ አንቺ ቴሌቪዥን ታያለሽ" አሉኝ። "እነዚያ ሰዎች ዘንድሮ ይመልሱናል? ከሆነ ዘሩን አላባክን። ካልሆነ ደግሞ እንዳይመሽብኝ፣ ክረምቱ ደረሰ። ልዝራ ወይስ ልጠብቅ?"

እጽፍላቸዋለሁ አልኳቸው። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። ምን ልበላቸው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ